የአራሷ ልብ

ሴት በወለደች ማግስት የጉራጌ ቤት ይደምቃል። ጎረቤት ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ገንፎ ይገነፋል፤ አጥሚት ይሞቃል። ክርስቲያኑ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል፤ ሙስሊሙም «እንኳን በሰላም ተገላገልሽ» ይላታል። በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፣ በገጠርም ሆነ በከተማ የደስታው አነጋገር አንድ ነው። መገላገል ማለት ከጭንቅ መውጣት ነው። ምጡ አለፈ፤ ልጁ አለቀሰ፤ እናቲቱም ተረፈች ማለት ነው።

ለብዙዎቹ እናቶች ይህ እውነት ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ጭንቁ ገና አላለፈም። በእርግዝናቸው ጊዜ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ የነበረ፣ ፊታቸውና እጃቸው ያበጠ፣ ወይም በምጥ ሰዓት ተንቀጥቅጠው ራሳቸውን የሳቱ እናቶች አሉ። እነዚህ እናቶች ልጃቸውን ታቅፈው ወደ ቤት ሲመለሱ ሕመሙን ሆስፒታል ውስጥ ትተውት የመጡ ይመስላቸዋል። ቤተሰቡም እንደዚያው ያስባል። ነገር ግን ያ ሕመም አንዳንድ ጊዜ አብሯቸው ወደ ቤት ይገባል። በቀናት ውስጥ ወይም በወራት ውስጥ፣ አለዚያም ከዓመታት በኋላ ልባቸውን ያደክማል። በጊዜ ከታወቀ ይታከማል። ችግሩ ግን የሚያስታውሰው ሰው አለመኖሩ ነው።

ስሙ ያሳስታል

በአገራችን ብዙ ሰው ይህን በሽታ «ደም ብዛት» ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ግን ያሳስታል። ደም በዛ ማለት አይደለም። በዚህ ስም የተነሣ ሰዎች «እሷ እኮ ስትወልድ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ደም ብዛት ከየት ይመጣባታል?» ሲሉ ይሰማል። ከወሊድ በኋላ ራሷን ያመማት ሴትም «ደም አንሶሽ ነው» ተብላ ትቀራለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ደም ማነስና የደም ግፊት በአንዲት ሴት ላይ አንድ ላይ ሊገኙ ይችላሉ። ነገሩ የደሙ መጠን ሳይሆን ደሙ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። ስለዚህ «የደም ግፊት» የሚለው ስም ይሻላል።

ልብ ጡጫ የምታህል ጡንቻ ናት። በቀን ወደ 100,000 ጊዜ ያህል ትመታለች። በምትመታበት ጊዜ ደሙን ትገፋዋለች፤ ከዚያ ለቅጽበት ታርፍና እንደገና ትሞላለች። ስለዚህ ግፊት ሲለካ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። የላይኛው ልብ ስትገፋ ያለው ነው፤ የታችኛው ልብ ስታርፍ ያለው ነው። በካርድ ላይ 120/80 ተብሎ ተጽፎ ብታዪ «120 በ80» ተብሎ ይነበባል፤ ይህ ደህና ነው። በእርግዝና ጊዜ የላይኛው 140 ወይም ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት ጨምሯል ማለት ነው። ሁለቱም እስኪያልፉ አይጠበቅም፤ አንዱ ይበቃል። 160/110 ከደረሰ ደግሞ በዚያው ሰዓት መድኃኒት የሚያስፈልገው አደጋ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማንበብ የቻለች እናት የራሷን ካርድ ራሷ ታነባለች፤ ሌላ ሰው እስኪነግራት አትጠብቅም።

እንግዴ ልጁ ሲታመም

ሴት ስታረግዝ ደሟ በግማሽ ያህል ይጨምራል። ልብም ይህን ሁሉ ደም ለመግፋት ከወትሮው አብልጣ ትሠራለች። ጤነኛ ልብ ይህን ትችለዋለች፤ የደም ሥሮችም ይለሰልሱና ይሰፋሉ። ደሙ ቢጨምርም ግፊቱ የማይጨምረው ለዚህ ነው።

በአንዳንድ ሴቶች ግን እንግዴ ልጁ በማኅፀን ግድግዳ ላይ ሥሩን በደንብ ሳይሰድ ይቀራል። በቂ ደም ስለማያገኝ ወደ እናቲቱ ደም ውስጥ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን የሚጎዱ ነገሮችን ይለቃል። ያን ጊዜ የደም ሥሮቿ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ ኩላሊቷ በሽንት መውጣት የማይገባውን ፕሮቲን ማሳለፍ ይጀምራል። ሐኪሞች ይህን ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ይሉታል። የሚመጣው ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ ነው። በዓለም ላይ ከ100 እርጉዞች ከ2 እስከ 8 የሚሆኑትን ይይዛል። ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ ሕመም ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንዷ ግን ምንም ሳይሰማት ግፊቷ 150 ወይም 160 ይደርሳል። ስለዚህ ደህና ነኝ ማለት አይበቃም፤ መለካት ያስፈልጋል።

ሕመሙ ሲጠና እናቲቱ ትንቀጠቀጣለች፤ ራሷንም ትስታለች። በዚህ ጊዜ አንዳንዱ ቤተሰብ ጋኔን ነው ብሎ ወደ ሌላ ቦታ ይዟት ይሮጣል። ጸሎቱና ዱዓው በመኪና ውስጥ ሆኖም ይደረሳል፤ መኪናው ግን ወደ ሐኪም ቤት ቢሄድ ነው የሚሻለው። በዚያ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መርፌ አለ። ዋጋው ርካሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ፣ በ33 አገሮች ወደ 10,000 በሚሆኑ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት ይህ መርፌ መንቀጥቀጥን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስለዚህ በሽታ የሚነገረው ሁሉ ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። መድኃኒቱ መውለድ ነው፤ እንግዴ ልጁ ከወጣ በሽታው ይጠፋል ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ዋናው ምንጭ በርግጥ ይወጣል። የተጎዳው የደም ሥር ግን በአንድ ቀን አይጠገንም።

ከሦስተኛው ቀን እስከ ስድስተኛው

ከወሊድ በኋላ የደም ግፊት ከፍ የሚልበት ጊዜ አለ። ይኸውም ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ነው። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ፈሳሽ ያን ጊዜ ወደ ደም ሥር ይመለሳልና ነው። እንግዲህ አስቡት። በአገራችን በጤና ጣቢያ የወለደች እናት አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ግፊቱ ጣሪያ ሲነካ እሷ በጓዳዋ ናት። በሩ ተዘግቷል፤ እሳቱ ይነዳል፤ ጠያቂውም ብዙ ነው። መለኪያ ያለው ግን የለም።

በዚህ ረገድ ከወልቂጤ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል ታሪክ ትምህርት ይሰጣል። ሆስፒታሉ በግቢው ውስጥ የእናቶች ማቆያ ቤት አለው። ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ መንታ የያዘች፣ ግፊት ያለባት ወይም ሌላ ችግር የታየባት እናት ምጥ ሳይመጣ አስቀድማ መጥታ በዚያ ትቀመጣለች። ምጡ ሲጀምራት ወደ ማዋለጃው የምትሄደው በእግሯ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሆስፒታሉ የወለዱ 24,148 እናቶች መዝገብ ተመርምሮ ነበር። በማቆያው ቆይተው ከወለዱት 6,805 እናቶች መካከል የሞቱት በ100,000 ሕፃናት ሲሰላ ወደ 90 ነበሩ። በቀጥታ ከቤት ከመጡት መካከል ግን ከ1,300 በላይ ነበሩ። እርግጥ ነው፣ ከቤት የመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከተበላሸ በኋላ የመጡ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱን በትክክል ማወዳደር አይቻልም። ቢሆንም ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው። አደጋ ያለባት እናት ከሐኪም አጠገብ ስትሆን ትተርፋለች።

ማቆያው ግን ከወሊድ በፊት ነው። ከወሊድ በኋላስ? ለዚያ የተሠራ ቤት የለም፤ ማቆያው የራሷ ቤት፣ ጠባቂዎቿም ባሏ፣ እናቷና አማቷ ናቸው። ስለዚህ ምን መጠበቅ እንዳለባቸው ማወቅ አለባቸው። የጤና ደንቡ ከወሊድ በኋላ እናቲቱ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ ከዚያ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን፣ ከዚያም በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መካከል፣ በመጨረሻም በ6ኛው ሳምንት እንድትታይ ያዝዛል። በእርግዝናዋ ግፊት የነበረባት እናት የ3ኛውን ቀን ጉብኝት ፈጽሞ ማለፍ የለባትም። መሄድ ካልቻለች ባልየው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ይጥራ። አራስ ከቤት አትወጣም የሚለው ወግ ለእንግዳ እንጂ ለሐኪም አይሠራም።

ቁጭ ብላ ያደረችው አራስ

አሁን ደግሞ የልብን ነገር እንመልከት። እስቲ አንዲት አራስ እናስብ። ከወለደች 3 ሳምንት ሆኗታል።

«ልጄ፣ ምነው ቁጭ ብለሽ አደርሽ?» ይሏታል አማቷ።

«እማማ፣ ጋደም ስል ትንፋሽ ያጥረኛል። ሳሉም አላስተኛ አለኝ።»

«ብርድ ገብቶብሽ ነው። በሩን ዝጉላት፤ እሳቱን አቀጣጥሉላት። ቅቤም ጨምሩላት።»

«እግሬም አብጧል እኮ።»

«ታዲያ አራስ አይደለሽ? አራስ ሁሉ ያብጣል።»

አማቲቱ ክፉ ሰው አይደሉም። ሌሊት ተነሥተው እሳት የሚያነዱት ስለሚወዷት ነው። ነገሩን ግን ስተውታል። ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት፣ ሌሊት አፈና የሚቀሰቅሳት፣ ከፍ ባለ ትራስ ካልተደገፈች የማትተኛ አራስ ብርድ አልመታትም። ልቧ ደክማ ሊሆን ይችላል። የደከመች ልብ ደሙን ገፍታ አትጨርሰውም፤ ወደ ኋላ ይጠራቀማል። ወደ ሳንባ የተመለሰው ፈሳሽ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሳል ያመጣል። ወደ እግር የወረደው ያሳብጣል። እብጠቱን በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ ወዲያው ካልሞላ ውኃ ቋጥሯል ማለት ነው። ከ6 ቀን በኋላ እየቀነሰ መሄድ ሲገባው እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ሁሉ የሚያሳስብ ነው።

ይህ በሽታ በመጨረሻው የእርግዝና ወር ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 5 ወራት ውስጥ፣ ከዚያ በፊት የልብ ሕመም ያልነበረባትን ሴት የሚይዝ የልብ ድካም ነው። የልብ ጡንቻ ላልቶ ይሰፋል፤ የመግፋት ኃይሉም ይቀንሳል። በፕሪ-ኤክላምፕሲያ የታመሙ፣ መንታ የወለዱና ብዙ የወለዱ ሴቶች ይበልጥ ይጋለጣሉ። በመጀመሪያ ልጇ የሚይዛትም አለች።

ስለዚህ በሽታ ብዙ የተጻፈው በሰሜን ናይጄሪያ ነው። ዶክተር ኤልድሪድ ፓሪ የሚባሉ ብሪታንያዊ ሐኪም በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ካስተማሩ በኋላ ዛሪያ ወደምትባል የናይጄሪያ ከተማ ሄዱ። በዚያ አገር የሐውሳ አራስ ለ40 ቀን በጣም በሞቀ ውኃ ትታጠባለች፤ ከሥሩ እሳት በሚነድበት የጭቃ መደብ ላይ ትተኛለች፤ ካንዋ የሚባል ከሐይቅ የሚወጣ ጨው በአጥሚቷ ውስጥ እየገባ ትጠጣለች። ፓሪና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጽሑፍ ጨውና ሙቀት ሲበዛ የአራሷን ልብ ከመጠን በላይ እንደሚያሠራት ገለጡ። ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ ሁሉ የወጉ ነው ተባለ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ሌላ የናይጄሪያ ጥናት ግን ወጉን ነፃ አወጣው። ከበሽታው ጋር ተያይዘው የተገኙት ነገሮች ሌሎች ነበሩ፤ እነርሱም ትምህርት ያለማግኘት፣ ሥራ ማጣት፣ የሰውነት መክሳትና ቀደም ሲል በፕሪ-ኤክላምፕሲያ መታመም ናቸው። እኔ ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ። የአገርን ወግ በጥፋተኝነት ለመክሰስ መቸኮል አይገባም፤ ድህነትን መፈተሽ ይቀድማል። ስለዚህ የእኛን ገንፎና ቅቤ አላወግዝም። አራስ በደንብ መብላት አለባት። ልቧ የደከመች ወይም ግፊት ያለባት አራስ ግን ጨው መቀነስ አለባት፤ በገንፎውም በአጥሚቱም ውስጥ።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ሐኪሙ በመጀመሪያ ግፊቷን ይለካል፤ ሳንባዋን በጆሮው ያዳምጣል። ከዚያ ኤኮ የሚባል የልብ አልትራሳውንድ ያዝዛል። ኤኮ ሕመም የለውም፤ ልብ ስትመታ በመስተዋቱ ላይ ያሳያል። መሣሪያው በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም። ከሌለ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ትላካለች። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ 155 ኪሎ ሜትር፣ ቡታጅራ ደግሞ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው፤ ከባዱ ገንዘቡና ሕፃኑን የሚይዝ ሰው ማግኘት ነው። ሆኖም ትንፋሽ ያጠራት ሴት ኤኮ እስክታገኝ ያለ መድኃኒት መቆየት የለባትም። በቅርብ ባለው ሆስፒታል ወዲያው ሊጀመርላት ይችላል።

መድኃኒቶቹ እንግዳ አይደሉም። ላዚክስ ወይም ፉሮሰማይድ የሚባለው የተጠራቀመውን ፈሳሽ በሽንት ያስወጣል፤ ትንፋሿ በሰዓታት ውስጥ ሊከፈት ይችላል። ኢናላፕሪል የመሰሉት የደም ሥሩን ከፍተው የልብን ሸክም ያቀልላሉ። የልብን ምት አዝግመው የሚያሳርፉ ሌሎችም አሉ። ጡት የምታጠባ እናት ኢናላፕሪል መውሰድ ትችላለች፤ እርጉዝ ግን ፈጽሞ መውሰድ የለባትም፤ ጽንሱን ይጎዳልና። ስለዚህ ሐኪሙ «ጡት ታጠቢያለሽ ወይ? እንደገና አርግዘሽ ይሆን?» ብሎ ሲጠይቅ ማፈር አይገባም። ብሮሞክሪፕቲን የሚባል መድኃኒትም በአንዳንድ አገሮች ይሰጣል፤ ይህ ግን የጡት ወተትን ያደርቃል። ሌላ ወተት መግዛት ለማይችል ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሐኪሙ የእናትን ልብና የሕፃኑን ምግብ አንድ ላይ መዝኖ ነው የሚያዝዘው።

ከታከሙት ውስጥ የብዙዎቹ ልብ በ6 ወር ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ ያገግማል። አደጋው የሚመጣው ትንፋሹ ሲከፈትና እብጠቱ ሲጎድል «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን ማቆም ነው። እብጠቱ ጠፋ ማለት ልቧ ዳነች ማለት አይደለም። ክኒኑን የሚያቆመው ኤኮውን ያየው ሐኪም ነው።

ሌላም ከባድ ጉዳይ አለ። ልቧ ሳያገግም እንደገና ያረገዘች ሴት ሕይወቷን ልታጣ ትችላለች። ይህን ለባልም ለአማትም በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ «ወንድም ይጨመርለት» የሚለው ግፊት ብዙ ጊዜ ከዚያ ወገን ይመጣልና። ለእንደዚህች እናት ከክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላንት ወይም ሉፕ ይስማማታል። ግፊት ላለባት ሴት የተለመደው በየቀኑ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ ክኒን አይመከርም፤ ግፊቱን ሊያባብስና ደምን ሊያረጋ ይችላልና።

ከእርግዝና በፊት የታመመች ልብ

ትንፋሽ ያጠራት አራስ ሁሉ አንድ ዓይነት በሽታ የላትም። በአገራችን በብዛት የሚገኝ ሌላ የልብ ሕመም አለ። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳይታከም ሲቀር አልፎ የልብን በሮች ያጠነክራል፤ ያጠብባል። ልጅቷ ግን ይህን ሳታውቅ ታድጋለች፤ ውኃ ትቀዳለች፤ እንሰት ትፍቃለች፤ ታገባለች። ስታረግዝ ደሟ በግማሽ ሲጨምር በጠበበው በር ማለፍ ያቅተዋል። ያን ጊዜ ነው በሽታው የሚገለጠው። ይህች ሴት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች፤ አንዳንዷም በሩን የሚያሰፋ ሕክምና ወይም ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተከፈተውና ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የልብ ማዕከል ለብዙ እንደዚህ ላሉ ልጆች ሕክምና ሰጥቷል። የልጅን የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን በጊዜ ማከም ግን ከዚያ ሁሉ ይቀልላል።

የማይቆጠር ሞት

ቡታጅራ በጤና ምርምር የታወቀች ናት። በ1979 ዓ.ም. ገደማ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ9 የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ እያንዳንዱን ልደትና ሞት ቤት ለቤት መመዝገብ ጀመረ። ከዚያ በፊት በቤት የሞተች እናት በየትኛውም መዝገብ አትገኝም ነበር። ያልተቆጠረ ሞት ደግሞ በጀት አያገኝም፤ መድኃኒትም አይታዘዝለትም።

ዛሬም አንድ ክፍተት አለ። የእናቶች ሞት ሲቆጠር ወሰኑ ከወሊድ በኋላ 42 ቀን ነው። በአገር አቀፍ ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 871 የነበረው በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ትልቅ ለውጥ ነው። ነገር ግን ልቧ ደክሞ በ3ኛው ወር የሞተች እናት ከዚህ ቁጥር ውስጥ አትገባም። ልጇ ገና አልዳኸም፤ እሷ ግን በመዝገቡ ላይ በወሊድ ምክንያት የሞተች አትባልም።

ከዓመታት በኋላ

በእርግዝናዋ ግፊት የነበረባት ሴት ግፊቷ አብዛኛውን ጊዜ በ12 ሳምንት ውስጥ ወደ ቦታው ይመለሳል። ከዚያ በኋላም ከፍ እንዳለ ከቀረ የዘለቄታ በሽታ ሆኗል ማለት ነው፤ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ግፊቷ የተመለሰላትም ብትሆን ፈጽሞ ከአደጋ አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የታተመ ጽሑፍ እንዳሳየው ፕሪ-ኤክላምፕሲያ የያዛት ሴት ካልያዛት ጋር ስትወዳደር በኋለኛው ዕድሜዋ ለደም ግፊት ወደ 4 እጥፍ፣ ለልብ ድርቀትና በጭንቅላት ደም መፍሰስ ወይም መርጋት ለሚመጣ ሽባነት ወደ 2 እጥፍ ትጋለጣለች። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የእርግዝና ታሪክ ከሴቶች የልብ ሕመም ምክንያቶች ተርታ አስገብቶታል። ይህ ማለት ሁሉም ይታመማሉ ማለት አይደለም። በእርግዝና ጊዜ የታየው ግፊት ግን ስለ ወደፊቱ ልብ የሚናገር ምልክት ነው። በ25 ዓመቷ ያስጠነቀቀ ሕመም 45 ዓመት እስኪሞላት ድረስ 20 ዓመት ፋታ ይሰጣታል ማለት ነው።

በዚያ ፋታ ምን ይደረጋል? ብዙም የሚከብድ አይደለም። በዓመት አንድ ጊዜ ግፊትን መለካት፤ ስኳር መመርመር፤ ጨው መቀነስ፤ ከመጠን በላይ አለመወፈር። ጫት ደግሞ የልብን ምትና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ይህ በአካባቢያችን ቀላል ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የቡታጅራ ጥናት ከአዋቂዎቹ ግማሽ ያህሉ ጫት ይቅሙ ነበር። ጫት ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ገቢ መሆኑን አውቃለሁ። ግፊት ያለባት ሴት ግን ብትሸጠውም ባትቅመው ይሻላታል።

ለማርገዝ ስታስብም አስቀድማ ለሐኪም ትናገር። ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ ትንሽ መጠን ያለው አስፕሪን ፕሪ-ኤክላምፕሲያ ተመልሶ እንዳይመጣ ይረዳል። ምግባቸው ካልሲየም ለሚያንሰው እናቶች የካልሲየም ክኒንም ይመከራል። አይብና ጎመንም ይጠቅማሉ፤ ክኒኑን ግን አይተኩም።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ የወሊድና ከወሊድ በኋላ የሚሰጥ አገልግሎት በነፃ ነው። ከዓመታት በኋላ የሚወሰደው የግፊት ክኒን ግን በነፃ አይደለም። የጤና መድን ደብተር ያለው ቤተሰብ እዚህ ላይ ይጠቀማል። አንዳንድ ጊዜ ክኒኑ ከመድኃኒት ቤቱ ያልቃል፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። የወሩን ክኒን ከማለቁ አንድ ሳምንት በፊት መጠየቅ ይህን ችግር በመጠኑ ያቃልላል።

ክንድሽን ስጪ

አንድ ቀላል ዘዴ አለ። እናቶቻችን ለራሳቸው ጤና ጣቢያ ለመሄድ ጊዜ አያገኙም፤ ለልጃቸው ግን ይሄዳሉ። የ45 ቀን ክትባት፣ ከዚያ የ10ኛው ሳምንት፣ ከዚያ የ14ኛው፣ ከዚያም የ9ኛው ወር። ልጁን ለመርፌ ስታዘጋጂ የራስሽንም ክንድ ለግፊት መለኪያው ስጪ። ሠራተኛዋ ሥራ በዝቶባት ብትረሳ አንቺ አስታውሺያት። እንዲህ በይ፦ «እኔ በእርግዝናዬ ጊዜ ግፊት ነበረብኝ፤ እባክሽን ለኪኝ።» ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ማንኛውም ሐኪም ቤት ስትገቢ፣ ከ10 ዓመት በኋላም ቢሆን፣ ተናገሪ። ሐኪሙ ካልተነገረው አያውቅም፤ ልጅ የወለድሽበት ወረቀት እሱ ዘንድ የለምና።

ስለዚህ ወረቀቱን አትጣዪ። ከሆስፒታል ስትወጪ የተሰጠሽን ወረቀት ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጪ። በካርዱ ጀርባ ላይ ቀኑንና ቁጥሩን ራስሽ ጻፊ። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

የወለድኩ ዕለት፦ 160/110
በ3ኛው ቀን፦ 150/100፤ ክኒን ተሰጠኝ
በ45ኛው ቀን፦ 138/88፤ ክኒኑ ይቀጥል ተባለ
በ14ኛው ሳምንት፦ 124/80
በ9ኛው ወር፦